«ብዛት፦ ሦስት» ብለው ማስታወቂያ ለለጠፉት ሥራ አስኪያጅ

ከሠፈራችን ጥግ ላለው ትልቅ ሆቴል ክቡር ሥራ አስኪያጅ፣

እንደምን ሰንብተዋል? እኔ ደህና አይደለሁም፤ እርስዎ ግን ደህና ይሁኑልኝ። እንቅልፍዎ የተሟላ፣ ወገብዎ የጸና፣ እግርዎ ያላበጠ ይሁን። በእርስዎ ቤት ጤና ምን ያህል ቶሎ እንደሚያልቅ ስለማውቅ የምመኝልዎ ከልቤ ነው።

እኔ ከሁለት ወር በፊት በሆቴልዎ የኋላ ደረጃ ላይ፣ የታጠበ አንሶላ እንደታቀፈች ወድቃ የቀረችው አስተናጋጅ እናት ነኝ። በጥበቃው እጅ የላኩልኝ ትሕትና የተሞላበት ማሳሰቢያ ደርሶኛል። በሠራተኞች መግቢያ ፊት ለፊት በርጩማ ይዤ መቀመጤ «የድርጅቱን ገጽታ» ስለሚጎዳ ሌላ ቦታ እንድፈልግ ጠይቀውኛል። የምጽፈው ቀስ እያልኩ በመሆኑ መልሴ ዘጠኝ ቀን ፈጅቷል፤ ይቅርታዎን እየጠየቅሁ ከነምስጋናዬ በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

1. ስለ ማስታወቂያው። ልጄ በተቀበረች በስድስተኛው ቀን በበሩ ላይ ያስለጠፉትን ቆሜ አነበብኩት። «የሥራ መደብ፦ አስተናጋጅ፣ የክፍል ጽዳት፣ እንግዳ ተቀባይ። ብዛት፦ ሦስት።» ተሳስቼ እንደሆነ ብዬ ደግሜ አነበብኩት። እነዚያ ሦስቱም ሠራተኞች አንድ ሰው፣ ልጄ ነበረች። ጠዋት ቁርስ ታቀርባለች፤ ከዚያ ሽርጧን ቀይራ አልጋ ታነጥፋለች፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ፀጉሯን አበጥራ መግቢያው ላይ «እንኳን ደህና መጡ» ትላለች። ባልደረቦቿ እየለቀቁ ሲሄዱ ሥራቸውን እርስዎ «ሰው እስኪገኝ» ብለው አስያዟት፤ ሰው ሳይገኝ አሥራ አራት ወር ሆነ። በሕይወት ሳለች አንዲት ረዳት ያጣላት ድርጅት፣ ስትሞት ሦስት ሰው እንደሚያስፈልግ በስድስት ቀን ውስጥ ስለገባው እጅግ አመሰግናለሁ። በማኅተምዎ ባያረጋግጡልኝ ኖሮ እኔን ማን ያምነኝ ነበር?

2. «በሥራ ጫና ውስጥ መሥራት የምትችል» ስለሚለው መስፈርት። ልጄ ትችል ነበር። የገደላትም መቻሏ ነው። ሠራተኞቹ «ቶሎ ቶሎ» የሚል ስም ያወጡላቸው ተቆጣጣሪዎ፣ እግሯ አብጦ አንድ ቀን እረፍት ስትጠይቃቸው፣ «አንቺ ከተቀመጥሽ እኮ ቤቱ ይወድቃል!» ብለው ቀልደውባት ነበር። እሷም እቤት መጥታ፣ «እማዬ፣ ለካ ሆቴሉን ተሸክሜ የቆምኩት እኔ ነኝ» ብላ ስቃ ነገረችኝ። ይኸው ቤትዎ አልወደቀም፤ መስታወቱም እንዳማረበት ነው።

3. ስለ ሐዘን መግለጫዎ። ወረቀቱ ወፍራም፣ ጽሑፉም የሚያምር ነው። «በድንገት ስለተለየችን» ይላል። አሥራ አራት ወር የፈጀ ድንገት እኔ አይቼ አላውቅም።

4. ስለ በርጩማዬ። ማንንም አልከለከልኩም፣ ማንንም አልሰደብኩም። ለመመዝገብ የሚመጡ ልጆች ሲያልፉ ሰላም ብዬ፣ በማስታወቂያው ላይ ቦታ ጠቦት የቀረውን እነግራቸዋለሁ። አንዷ፣ «እትዬ፣ እውነት ሊፍቱን አያስነኩም?» ብላ ጠየቀችኝ። «ሊፍቱ የእንግዳ ነው፣ የኔ ልጅ። አንቺ አራት ፎቅ በእግርሽ ነሽ» አልኳት። ፎርሙን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና ተመለሰች። እስካሁን አሥራ ሰባት ተመልሰዋል። ሁለት ደግሞ አልሰማ ብለው ገብተው ነበር፤ አንደኛዋ በአራተኛው ቀን ወጥታ አጠገቤ መሬት ላይ ተቀመጠችና ጫማዋን አውልቃ አለቀሰች። ሥራ ፈልገው ባዶ እጃቸውን ሲሄዱ አንጀቴን ይበላኛል። እርስዎ ሰው አጥተው ሲንከራተቱ ሳይ ግን፣ እውነቱን ልንገርዎ፣ የበላሁት ይስማማኛል። ስለዚህ በርጩማዬን አላነሳም። እስከ መቼ ብለው እንዳይጨነቁ፤ ሰው እስኪገኝ ድረስ ብቻ ነው።

ይህን ደብዳቤ ከማስታወቂያዎ ጎን ስለጥፍ አንዲት ፊደል እንዳልሸፍንብዎ ተጠንቅቄያለሁ፤ ሁለቱ አብረው ቢነበቡ ይሻላል።

ውድ ጊዜዎን ሠውተው ስላነበቡልኝ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እያመሰገንኩ፣ በየጠዋቱ ከመኪናዎ ሲወርዱ እርስዎን ለማየት የማልታክተው አክባሪዎ፣

የአስተናጋጇ፣ የክፍል ጽዳቷ እና የእንግዳ ተቀባይዋ እናት

ከፈረምኩ በኋላ የጨመርኩት፦ ትናንት ጠዋት በመስኮቱ በኩል አየሁዎት። አስተናጋጅ ስላልተገኘ ትሪውን ራስዎ ይዘው ቁርስ ያቀርቡ ነበር። ትሪውን ከግራ እጅዎ ወደ ቀኝዎ አዛወሩ፤ ሰው ያላየዎት መስሎዎት ግድግዳውን ተደግፈው ትንሽ ቆሙ። ልጄንም ሕመሙ የጀመራት እንደዚያው እንደነበር የሰማሁት ከቀብሯ በኋላ፣ ከባልደረቦቿ ነው። እናትዎ በሕይወት ካሉ ዛሬውኑ ይንገሯቸው።