ቫሌታ፣ እስከ እሑድ

ማክሰኞ፣ ማርች 6፣ 2012

ብሩክ ሞቷል። እማዬ አታውቅም።

አጎቴ ትናንት ከትምህርት ቤት ሲወስደኝ መኪና ውስጥ ነገረኝ። ወንድሜ ማልታ፣ ቫሌታ ውስጥ የአሮጌ ቤት ሰገነት ሲቀባ ወደቀ። «እሑድ ንጋት ላይ ሰው ሰብስበን እናረዳታለን። እስከዚያ ሺፍት አለባት፣ መኪና ትነዳለች። እንዳትሰማ ስልኳን አንተ አንሳ። ወንድ ሁን።»

እሺ አልኩ። ራሴን ጠላሁት።

ሐሙስ፣ ማርች 8

ለጂኦግራፊ ስለ አንድ ደሴት አገር ዋና ከተማ ማቅረብ አለብን። ቫሌታን የመረጥኩት ከወር በፊት ነው፣ ብሩክ ስላለባት። ዛሬ ጻፍኩ፦ ቱርኮች የደሴቲቱን ከበባ ትተው ሲሄዱ፣ መስቀል ያነገቱ የአውሮፓ ጦረኛ ባላባቶች ባዶ ኮረብታ ላይ ቆረቆሯት። ስሟ የአለቃቸው ስም ነው። ድንጋይ የተሸከሙት ባሮች ስም የትም የለም። መንገዶቿ እንደ ማስመሪያ ቀጥ ብለው ባሕር ላይ ያልቃሉ። ነፋሷ ኃይለኛ ነው። ቀትር ላይ መድፍ ይተኮሳል።

«ውብ ሰገነቶች» ይላል ድረ ገጹ። ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ። ማን ቀባቸው?

እማዬ ከሥራ ገብታ ስክሪኑን አየች። «የልጄ ከተማ ናት? በል አንብብልኝ።» አነበብኩላት። «መድፉን ብሩኬም ይሰማዋላ!»

በእንግሊዝኛ አዎ አልኳት። በአማርኛ መዋሸት አቃተኝ።

ቅዳሜ፣ ማርች 10

አጎቴ ሦስቴ ኮል አደረገልኝ። «እንዳታበላሽ!» ሰዎች ስለ ለቅሶው ወንበርና ንፍሮ ሲነጋገሩ ከኋላው ይሰማል። እዚህ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለው ሐበሻ በሙሉ ያውቃል፣ እናቱ ብቻ አታውቅም። ያስጠላል።

ከሰዓት በኋላ እማዬ ከላንግሊ ፓርክ ገበያ ወፍራም ጃኬት ገዝታ መጣች። ለብሩክ፣ ለቫሌታ ነፋስ። «በቁመት እኩል ናችሁ፣ እስቲ ልበሰው።» ለበስኩት። ዚፑን እስከ አንገቴ ዘጋችልኝ።

«እማዬ፣ ብሩክ የለም።»

አልጮኸችም። ወለሉ ላይ ተቀመጠች። የእሑዱን ዕቅድ ስነግራት፣ «ነገ ሲመጡ እንዳልሰማሁ እሆናለሁ። አለዚያ አንተን ይቆጡሃል» አለች።

እሑድ፣ ማርች 11

ዛሬ ሰዓት በአንድ ወደፊት የተቀየረበት ቀን ነው። ግማሾቹ ረስተው ዘገዩ። የደረሱት ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ፓርኪንጉ ውስጥ መኪናቸው ውስጥ ጎንበስ ብለው ጠበቁ። እማዬ በፒጃማዋ በመጋረጃው ጠርዝ ታያቸዋለች። ዓይኗ አብጧል።

«ገና አልሞሉም። አጎትህን እየው፣ መብራቱን እንኳ አላጠፋም። ይኼ ነው መደበቅ?»

ልንስቅ ምንም አልቀረንም።

በሩ ሲንኳኳ አልጋዋ ውስጥ ገባች። ከፈትኩላቸው። አረዷት። ጮኸች። ማስመሰል አልነበረም፤ ትናንት የዋጠችው ነው።

አጎቴ ትከሻዬን መታ አደረገኝ። «ጎበዝ። ምስጢር ቻይ።» ከእጁ ሸሸሁ።

እማዬ ግን በሰው መሀል ፈልጋ እጄን ያዘች። ጃኬቱን ለብሻለሁ። ማንም የማን ነው ብሎ አልጠየቀኝም።