አንድ ክንፍ ብቻ የተቀረጸው መስቀል

ወረታ፣ ነሐሴ 9 ቀን 2007 ዓ.ም.

ዛሬ ማሽኑ ለመጀመሪያ ጊዜ እንጨት ቀረጸ። ሁለት ደቂቃ ያህል ብቻ።

ጋሽ ደሴ ከቁሐር ሚካኤል ጭቃውን አቋርጠው ረፋዱ ላይ ደረሱ። ዕድሜያቸውን ሙሉ በአናጢነት የኖሩ ሰው ናቸው፤ አምና ቀኝ እጃቸው ከሰለለ ወዲህ ግን መሮ ጨብጠው አያውቁም። የጀመሩት የቤተ ክርስቲያን በርም እንዳለ ቆሟል። እኔም በኮምፒውተር የሚታዘዝ መቅረጫ መሥራት የጀመርኩት ያንን በር ላስጨርሳቸው ብዬ ነው። በሩ ላይ የሚቀረጸውን የመስቀል ንድፍ በግራ እጃቸው እንደምንም የሳሉት እሳቸው ናቸው።

ሳበራው ሞተሮቹ እያፏጩ ተነሡ። መቅረጫው የመስቀሉን አንድ ክንፍ ጨርሶ ወደ ሌላው ሲታጠፍ፣ ያላሰርኩት የሞተር ሽቦ ተጎትቶ ተነቀለ። ጧ አለና የተቃጠለ ነገር ሸተተኝ። የተቃጠለው ሞተሮቹን የሚያዘው የኤሌክትሮኒክ ሰሌዳ ነው። እንዲህ ያለው ባሕር ዳርም አይገኝም፤ ይሄንኑ ሰው ከውጭ አገር እስኪያመጣልኝ ስምንት ወር ጠብቄያለሁ።

"ደከመው እንዴ?" አሉ ጋሽ ደሴ።

"የኔ ጥፋት ነው ጋሼ። ሽቦውን ማሰር ረስቼ ተቃጠለ።"

የሰሙኝ አልመሰለኝም። ጎንበስ ብለው የተቀረጸውን ክንፍ በግራ አውራ ጣታቸው ደጋግመው ዳሰሱት።

"የኔ እጅ ነው" አሉ። "ልክ የኔ እጅ!" ዓይናቸው እንባ አቀረረ።

ሊሄዱ ሲሉ ደጃፉ ላይ ቆም አሉና፣ "እንግዲያ ነገ በጧት ልምጣ?" አሉኝ።

"ይምጡ" አልኳቸው። ነገ ሲመጡ ምን እንደማሳያቸው አላውቅም።