«ይደርሳል» የምትለዋን ቃል የማይወዱት የወይዘሮ አልጣሽ ወልደየስ የሕይወት ታሪክ

ወይዘሮ አልጣሽ ወልደየስ ከአባታቸው ከአቶ ወልደየስ በየነ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ እንቁ ተክሌ ግንቦት 4 ቀን 1961 ዓ.ም. በናዝሬት ከተማ ተወለዱ። ለቤቱ የመጀመሪያ ልጅ ነበሩ። እናታቸው ይናገሩ እንደነበረው በዘጠኝ ወራቸው ቆመው ሄዱ፤ ከዚያ በኋላ ሊያስቀምጣቸው የቻለ ሰው አልተገኘም። ይህን ታሪክ የጻፈችው ታናሽ እህታቸው ሮማን ናት። ዕድሜዋን ሙሉ ኋላ ኋላቸው ስትሮጥ የኖረች በመሆኗ አንዳንድ ቦታ ላይ ቁና ቁና ብትተነፍስ ይቅርታ ይደረግላት።

ወደ ታሪኩ ከመግባታችን በፊት ግን አንድ ነገር እንናገር። በዚህ ቤተ ክርስቲያን፣ በሴቶች በኩል፣ ከፊት፣ ከሮማን አጠገብ አንድ ቦታ ባዶ መሆኑን ሁላችሁም አይታችኋል። የልጃቸው የሔቨን ቦታ ነው። አንዳንዶቻችሁ ከበር ጀምራችሁ ጠይቃችኋል፤ አንዳንዶቻችሁም ሳትጠይቁ ፈርዳችኋል። የእናትየው ሕይወት ሲነገር የእሷም ነገር አብሮ ይነገራልና እባካችሁ እስከ መጨረሻው ታገሡን።

ወይዘሮ አልጣሽ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርታቸውን በናዝሬት ከተከታተሉ በኋላ በ1973 ዓ.ም. አክስታቸው ዘንድ ወደ አዲስ አበባ ሄዱ። በትምህርታቸው ጎበዝ ነበሩ፤ በተለይ ባዮሎጂ ይወዱ ነበር። ሐኪም እሆናለሁ ይሉ ነበር። አሥረኛ ክፍል ሳሉ በትምህርት ቤቶች ውድድር አንድ ሺህ አምስት መቶ ሜትር ሲሮጡ ያየ ሰው ለአንድ የፋብሪካ ስፖርት ቡድን አስመረጣቸው። ደመወዝ የሚባል ነገር አልነበረም። አንድ ቱታ፣ አንድ ጥንድ ጫማ፣ ከልምምድ በኋላ ደግሞ ዳቦ በሻይ ነበር። ልምምዱ ጠዋትም ከሰዓትም ስለነበር ከክፍል መቅረት ጀመሩ፤ ሲጨነቁም የቡድኑ ኃላፊ «ሩጪ እንጂ፣ ትምህርቱ ይደርሳል» ይላቸው ነበር። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል መልቀቂያ ፈተና ከሻምፒዮናው ጋር በአንድ ሳምንት ሲገጥምም ያንኑ አላቸው። ሮጡ። ሦስተኛ ወጡ። ፈተናው አለፋቸው።

በ1980 ዓ.ም. ጉልበታቸው ተጎዳ። ኃላፊው አንድ ጊዜ እንኳን መጥቶ አልጠየቃቸውም፤ ንብረት ክፍሉ ግን ቱታውን እንዲመልሱ ደብዳቤ ጻፈላቸው። ቱታውን አጥበው፣ አጣጥፈው፣ እያነከሱ ወስደው አስረከቡ፤ ፈርመውም ወጡ። ይህን ነገር ስንት ጊዜ እንደነገሩን አንቆጥረውም። ሲነግሩን ሁልጊዜ ቆመው ነበር።

ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታት በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው። በኬንያ አራት ዓመት በስደት ቆይተው በ1996 አሜሪካ፣ ዴንቨር ገቡ። ባለቤታቸውን አቶ ሀብቱን ያወቋቸው በኢስት ኮልፋክስ ጎዳና ነው። አቶ ሀብቱ በዚያን ጊዜ ታክሲ ይነዱ ነበር። በረዶ ላይ በፍጥነት የምትራመድ የአገራቸውን ልጅ አይተው መኪናቸውን አቆሙና «ግቢ ላድርስሽ» ቢሏቸው፣ ወይዘሮ አልጣሽ «እቸኩላለሁ» ብለው በእግራቸው ቀጠሉ። አቶ ሀብቱ ይህን ሲያወሩ እስከ ዛሬ ይስቃሉ። በ1999 በቅዱስ ቁርባን ተጋቡ፤ በ2001 ቅዱስን፣ በ2004 ሔቨንን ወለዱ። መጀመሪያ በግሌንዴል አፓርታማ፣ በኋላም በአውሮራ በገዙት ቤት ኖሩ።

በዴንቨር አየር ማረፊያ ለአሥራ ዘጠኝ ዓመት ዊልቸር ገፍተዋል። ቁጭ ብሎ የሚሠራ ሥራ ሁለት ጊዜ ቢሰጣቸው ሁለት ጊዜ እንቢ ብለዋል። የሚገፉትን ሰው ሥራውን ሳይጠይቁ አይለቁትም ነበር፤ ዳኛ፣ ቧንቧ ሠራተኛ፣ የጥርስ ሐኪም፣ ሁሉንም ያውቁ ነበር። ይህ ልማዳቸው ኋላ ላይ እንደሚጠቅማቸው ማን ያውቃል?

ሔቨን የእናቷን እግር ወረሰች፤ ከባዮሎጂው ጋር። ገና ሁለተኛ ደረጃ ሳለች ነርስ መሆን እንደምትፈልግ ተናግራለች። በ2021 መጨረሻ አንድ ኮሌጅ በአገር አቋራጭ ሩጫ ስኮላርሺፕ ሰጣት፤ የኮሌጁ ስም እዚህ አያስፈልግም። አሰልጣኙ ራሱ ወደ ቤት መጣ። በር ላይ ጫማውን አወለቀ። በእጁ በላ። ሲጎርስ ሽሮው ሸሚዙ ላይ ቢንጠባጠብም አልደነገጠም። ወይዘሮ አልጣሽ ወደዱት፤ አንድ ሰዓት ሙሉ ከፊቱ ተቀመጡ፣ ይህም በቤቱ ታሪክ ታይቶ አይታወቅም። ሲወጣ እጁን ይዘው ልጄን ላንተ ሰጥቼሃለሁ፣ አደራህን አሉት። እሱም እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ቤተሰብ ናት አለ። ወረቀቱን ሳያነቡ ፈረሙ። አደራ የተቀበለን ሰው ፊቱ ላይ ወረቀት መመርመር ነውር መስሏቸው ነው። ቱታ ያስመለሷቸውን ሰዎች የሚያውቁት እሳቸው እንዲህ ማድረጋቸውን እስከ መጨረሻው ለራሳቸው ይቅር አላሉም።

ወረቀቱ ስኮላርሺፑ ለአንድ ዓመት ብቻ እንደሆነና በየዓመቱ ሊታደስም ላይታደስም እንደሚችል ይናገር ነበር። የነርሲንጉ የላቦራቶሪ ትምህርት ማክሰኞና ሐሙስ ከሰዓት ነው፤ ልምምዱም እንደዚያው። የስፖርት ክፍሉ የትምህርት አማካሪ ሔቨንን ከነርሲንግ አውጥቶ ከልምምድ ጋር የማይጋጭ ቀላል ትምህርት ውስጥ አስገባት። ለጊዜው ነው፣ ነርሲንጉ ይደርሳል አላት። ልጅቷ ለእናቷ የነገረችው ከአራት ወር በኋላ ነው። ወይዘሮ አልጣሽ ያን ቀን ከቤት ወጥተው በኮልፋክስ ላይ ሄዱ፣ ሄዱ፤ አቶ ሀብቱ መኪና ይዘው ፈልገው ያገኟቸው ከሦስት ሰዓት በኋላ ነው። ያች ቃል ዴንቨር ድረስ ተከትላ መጣችብኝ ብቻ አሉ።

በ2023 መከር ሔቨን ቅልጥሟን ያማት ጀመር። ትንሽ ነው፣ ሩጪበት ተባለች፤ ሮጠች፤ አጥንቱ ተሰነጠቀ። በበረዶው ክረምት አሰልጣኙ የተሻለ ቦታ አግኝቶ ወደ ሌላ ኮሌጅ ሄደ። ደውሎ አልተሰናበታትም። በቦታው የተተካው ሰው በጸደይ ስኮላርሺፑ እንደማይታደስ በኢሜይል አሳወቃት። ዕቃዋን ከመልበሻ ክፍል በጥቁር ፌስታል ይዛ ስትገባ ወይዘሮ አልጣሽ ፌስታሉን አይተው ምንም አልጠየቋትም፤ ያውቁታላ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ጊዜ የቤቱ ሰው ሁሉ ያስታውሰዋል። ወይዘሮ አልጣሽ እንቅልፍ የላቸውም፣ ምግብ ቆመው ነው፣ ስልክ እየተራመዱ ነው። ኮሌጁ በስምንት ቀን ሦስት ጊዜ ሄዱ፤ ሦስቱንም ጊዜ የስፖርት ክፍሉ ኃላፊ ስብሰባ ላይ ነው ተባሉ። አንድ ቀን በሥራ ላይ ሳሉ ጡረታ የወጣች የሕግ ባለሙያ ዊልቸራቸው ላይ ተቀመጠች። ከፍተሻው እስከ አውሮፕላኑ በር ባለው መንገድ ታሪኩን ነገሯት፤ ለመጨረስ ሲሉ ቀስ ብለው ገፉ፣ በሕይወታቸው ቀስ ያሉት ያኔ ብቻ ይመስለናል። ሴትዮዋ ስኮላርሺፕ የተከለከለ ተማሪ ይግባኝ የማለት መብት እንዳለው፣ የጊዜ ገደቡንም ኮሌጁን እንዲጠይቁ በናፕኪን ላይ ጻፈችላቸው። ሲጠይቁ የቀረው ስድስት ቀን ነበር። ቅዱስ ጻፈ፣ ሔቨን አረመች፣ እሳቸው ከኋላቸው ወዲያ ወዲህ እያሉ ይግባኙ ተጽፎ አለቀ።

በሰኔ 2024 በኮሌጁ የይግባኝ ኮሚቴ ፊት ቀረቡ። ተቀመጡ ቢባሉ ቆሜ ይሻለኛል አሉ። የተናገሩትን ቅዱስ በወረቀት ይዞታል፦

«ልጄ ስትሮጥ ስቱደንት ናት እንጂ ሠራተኛ አይደለችም ብላችኋል። እሺ። ስቱደንት ከሆነች ለምን ከክላስ አወጣችኋት? ሠራተኛ ናት ካላችሁ ደግሞ፣ እኔ ኤርፖርት ዊልቸር ስገፋ ትከሻዬን ብጎዳ አሳክመው ወደ ቦታዬ መለሱኝ እንጂ አላባረሩኝም። ከሁለቱ አንዱን ምረጡና እንደዚያው ያዟት። እኔ ሌላ ነገር አልጠየቅኳችሁም።»

በሦስት ሳምንት ውስጥ መልስ መጣ። ሔቨን ብትሮጥም ባትሮጥም ስኮላርሺፑ እስክትመረቅ እንዲቀጥል፣ ወደ ነርሲንግም እንድትመለስ ተወሰነ። ያለፉት ሁለት ዓመታት ግን ባከኑ፤ ከአዳዲሶቹ ልጆች ጋር እንደገና ጀመረች። ቤቱ ደስ ሲለው ወይዘሮ አልጣሽ አልተደሰቱም። ሁለቱን ዓመት ማን ይመልሳል እያሉ ይብሰከሰኩ ነበር።

ከዚያ ወዲህ በአውሮራና በዴንቨር ልጁ ኮሌጅ ሊሮጥ ወይም ኳስ ሊጫወት የታጨ ቤተሰብ ሁሉ ወረቀቱን ለእሳቸው ያመጣ ነበር። ጎረቤታቸው ወይዘሮ ዙህራ የልጃቸውን የአፍናንን የእግር ኳስ ወረቀት ሲያሳዩዋቸው፣ በእነ አፍናን ቤት ድግሱ ተደግሶ ኬኩ ተቆርጦ ነበር፤ ወይዘሮ አልጣሽ ግን መነጽራቸውን አድርገው ከእንግዶቹ መሀል ቆመው ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ገጽ አነበቡት። እንኳን ደስ ያላችሁ ከማለታቸው በፊት «እግሯ ቢሰበርስ?» ብለው ይጠይቃሉ። ድግስ አበላሽ የሚል ስም ወጥቶላቸዋል፤ አልከፋቸውም። አሁን ለኮሌጅ ስፖርተኞች ይከፈላቸዋል እየተባለ ሲወራም፣ ለትልልቆቹ ኳስ ተጫዋቾች ደግ ነው፣ የእኛ ልጆች ግን የሚሮጡት ለክፍሉ ወንበር ነው፣ ወንበሩን ያዙላቸው ይሉ ነበር።

በመጋቢት 2025 በቆሽት ካንሰር መያዛቸው ታወቀ። እስከ መስከረም በእግራቸው ነበሩ። ሐኪሙ ዕረፍት ሲያዝላቸው በሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ሲዞሩ ይያዙ ነበር። የሔቨን የተግባር ፈተና የሚሰጠው በዓመት አንድ ጊዜ፣ ዘንድሮም በፈረንጆቹ ታኅሣሥ 5 ጠዋት መሆኑን ሲሰሙ ቀኑን በቃላቸው ያዙ። ያመለጠው ሰው ለሚመጣው ዓመት ይቆያል። በመጨረሻው እሑድ የንስሐ አባታቸውን አስጠርተው፣ ልጄን በእኔ ምክንያት ከዚህ ፈተና የሚያስቀራትን ሰው ይገዝቱልኝ አሏቸው። አባ ሳቁና ግዝት ለዚህ አይሆንም፣ ምስክር ግን እሆናለሁ አሉ። እነሆ አባ እዚህ አሉ፤ የሚጠይቅ ይጠይቃቸው።

ወይዘሮ አልጣሽ ማክሰኞ ኅዳር 23 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ በፈረንጆቹ ታኅሣሥ 2 ቀን 2025፣ በተወለዱ በ56 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ተለዩ። የቤተ ክርስቲያኑና የመቃብሩ ሰዓት የተገጣጠመው ለዛሬ ዓርብ፣ ለፈተናው ቀን ብቻ ነበር። ረቡዕ ዕለት ለቅሶ ቤት የተሰበሰብን ሁሉ ሔቨንን ከበን፣ እናት አንድ ናት፣ ፈተናው ይደርሳል አልናት። ይህን ካሉት አንዷ ራሷ ሮማን ናት፤ ያችን ቃል ከገዛ አፏ ስትሰማ አፈረች። ሔቨን ግን ተነሥታ መጽሐፏን አነሣችና እያለቀሰች፣ እየተራመደች ማጥናት ጀመረች። ከዚያ በኋላ ማንም ተቀመጪ አላላትም።

ወይዘሮ አልጣሽ ባለቤታቸውን አቶ ሀብቱን፣ ልጆቻቸውን ቅዱስንና ሔቨንን፣ እህታቸውን ሮማንን፣ ወረቀታቸውን ያነበቡላቸውንም ልጆች ሁሉ ትተው ሄደዋል። አምላክ ነፍሳቸውን ከአብርሃም፣ ከይስሐቅና ከያዕቆብ ጋር ያስቀምጥልን፤ ለቤተሰባቸውም መጽናናትን ይስጥ።

ይህ በሚነበብበት ሰዓት ሔቨን ነጭ ልብሷን ለብሳ በፈታኞቿ ፊት ቆማለች። አምስት ሰዓት ላይ ትጨርሳለች፤ ወንድሟ ከዚህ ወጥቶ በቀጥታ ወደ መቃብሩ ያመጣታል። ስትደርስ መንገድ ልቀቁላት። የት ነበርሽ አትበሏት። እናቷ ይጠይቋት የነበረውን ጠይቁልን፤ ፈተናው እንዴት ነበር በሏት፣ እሷም ጮክ ብላ ትመልስ። መልሱን ሳይሰሙ እህታችን እሺ ብለው የሚቀመጡ አይመስለንም።