እማዬ ሚኒባስህን ወደ ባሕር የነዳችበት ጊዜ

ውድ አባዬ፣

ከተለየኸን ዓመት ሊሞላ ነው። እማዬ ስለ ሙት ዓመትህ ከቤተ ክርስቲያን ሰዎች ጋር መነጋገር ጀምራለች። ሰው ስላንተ ሲያወራ እኔ እንደለመድኩት ጥግ ይዤ እሰማለሁ። ለሌላ ሰው የማልናገረውን ላንተ መጻፍ ግን አያሳፍረኝም። አማርኛ መጻፍ ያስተማርከኝ አንተ ስለሆንክ፣ ፊደል ብሳሳት እንደ ድሮህ ሳቅብኝ።

ቤታችን ያው ፍሌሚንግተን ሰፈር፣ ፎቁ ላይ ነው። ሊፍቱ አሁንም ይበላሻል። እማዬ ያራቪል የአረጋውያን መጦሪያው ውስጥ የማታ ሺፍቷን ትታ ቀን ቀን መግባት ጀምራለች፤ ብቻዬን እንዳላድር ብላ ነው። ጃኬትህ በሩ ጀርባ እንደተሰቀለ ነው። ኪሱ ውስጥ የባሕር አሸዋ አለ፣ አላራገፍነውም።

ሚኒባስህ ግን ፓርኪንጉ ውስጥ ቆሞ ከረመ። እማዬ "ቆሞ ከሚበላሽ ይሸጥ" አለች። ከታርኔት ሰፈር አንድ ሰውዬ መጣ፤ ዙሪያውን እየዞረ አየው፣ ጎማውን በእግሩ መታ መታ አደረገና "እወስደዋለሁ" አለ። እኔ እንዲሸጥ አልፈለግሁም። ግን ታውቀኛለህ፣ ለእማዬ አልነገርኳትም።

በዚያው ሳምንት ብሪያን ደወለ። ከሦስት ጓደኞቹ ጋር በየዓመቱ ከጂሎንግ ከተማ ወዲያ ወዳለው የባሕር ዳር ጎልፍ ሜዳ የምትወስደው ያ ቀልደኛ ሽማግሌ። ባለፈው ዓመት ሲመለሱ ለዘንድሮም ካንተ ጋር ቡክ አድርገው ነበር። ሌላ ሹፌር ይፈልጉ እንደሆነ ሊጠይቅ ፈልጎ ያፈረ መሰለኝ። እማዬ ትንሽ አሰበችና "እኔ አደርሳችኋለሁ" አለችው። ስልኩን ዘግታ ወደ እኔ ዞረች። "አባትሽ እሺ ያለውን እኔ ካንስል አላደርግም። የታርኔቱ ሰውዬ ይጠብቅ፤ የመጨረሻ ጉዞ ትሁንና ከዚያ ይሸጣል።"

አባዬ፣ ብታያት ትኮራባት ነበር። ሰው ለመጫን የሚያስፈልገውን ፈቃድ አወጣች። እሁድ ከቅዳሴ መልስ ሚኒባሱን ወደኋላ ማስገባት ትለማመዳለች፤ እኔ በእጄ "ነይ፣ ነይ" እላታለሁ። እግሯ ፔዳሉ ጋ አልደርስ ሲላት ወንበርህ ላይ ከጀርባዋ ትራስ አደረገች። የጉዞው ቀን ዌስት ጌት ድልድይ ላይ ነፋሱ ሲገፋን "ማርያም፣ ማርያም" ማለት ጀመረች። ብሪያን ከኋላ "ማርያም ማናት? መንገዱን ታውቀዋለች?" አለ። "ካንተ በደንብ" አለችው። ሁሉም ሳቁ፤ እሷም ፍርሃቷ ለቀቃት።

ያደርነው ሁሌም አንተ የምታሳድራቸው ሚስስ ጆይስ የእንግዳ ማረፊያ ነው። እንደ ድሮው በሩ ላይ ባለው ቧንቧ ጫማችንን ሳታሳጥብ አላስገባችንም። ሁዳዴ ስለነበር እማዬ ሽሮ ይዛ ሄዳለች። ሚስስ ጆይስ ግን ቁም ሳጥኗን ከፍታ አንድ ጥቁር መጥበሻ አወጣች። ቅቤም እንቁላልም ነክቶት አያውቅም፣ ላንተ ጾም ብላ ለይታ ያስቀመጠችው ነው። ለሽማግሌዎቹ የዓሣ ሾርባና ስካሎፕ የሚሉት የባሕር ዛጎል ሥጋ ያለበት ፓይ ስታቀርብ፣ ለእኛ በዚያ መጥበሻ ድንችና ባቄላ በዘይት ጠበሰችልን። እማዬ መጥበሻውን አየች፣ ሚስስ ጆይስን አየች። ከዚያ በአማርኛ "ባሌ በሄደበት ሁሉ ሰው ነበረው" አለችኝ። አንገቷን ቀና አድርጋ ነው የበላችው።

መጀመሪያ ይዘኸኝ የሄድክ ጊዜ ትዝ ይልሃል? ከጀርባህ ተደብቄ ነበር። "ዓይናፋር ናት" ብለህ ይቅርታ አልጠየቅክልኝም። "ልጄ ናት፣ ዓይኗ ጥሩ ነው" አልካቸው። ከዚያ ወዲያ ሥራዬ ቀድሜ ሄጄ ኳሷ የወደቀችበትን በእጄ ማሳየት ሆነ። ማታ የባሕሩ ግንብ ላይ ተቀምጠን ኮምጣጤ የፈሰሰበት ትኩስ ቺፕስ በልተናል። ያንን ኳስ የማሳየት ሥራ የምወደው አፍ ስለማይጠይቅ ነው። ሰው ኳስ ሊመታ ሲል ሁሉም ዝም ይላል። የእኔ ዝምታ እንደ ጨዋነት የሚቆጠረው እዚያ ብቻ ነው።

ዘንድሮም ሚስስ ጆይስ ቤት ባደርን ማግስት እንዲሁ ጉብታው ላይ ቆሜ ነበር። ሜዳውን ታውቀዋለህ፤ ዛፍ የለውም፣ የአሸዋው ጉብታ ሣር ለብሶ እስከ ባሕሩ ይወርዳል፣ ነፋሱም ኳሷን እንደፈለገ ያደርጋታል። እማዬ ምሳቸውን ልታደርስ መጣች። አንተ ይዘህላቸው እንደምትሄደው የምስር ሳምቡሳ ሠርታላቸዋለች። እግረኛ በዳር እንደሚዞር ማን ይንገራት? እሷ ያየችው ባዶ ሣር ነው። ነጠላዋን ጭንቅላቷ ላይ ጠምጥማ፣ ሳህኑን ታቅፋ፣ መሃል ለመሃል ቀጥ ብላ መጣች። ጉብታው ስለከለላት ከሚመቱበት ቦታ አትታይም። እኔ ግን ከላይ ሆኜ ሁሉንም አያለሁ። ብሪያን መታ። ኳሷ ወደ ባሕሩ ሄደች፣ ከዚያ ነፋሱ ይዟት ወደ እማዬ ዞረ።

"ራስሽን!" ብዬ ጮህኩ።

ከእኔ እንደዚያ ያለ ድምፅ ወጥቶ አያውቅም። እማዬ ሣሩ ላይ በጉልበቷ ወድቃ አጎነበሰች። ኳሷ በላይዋ አልፋ አሸዋ ውስጥ ገባች። ዞር ብዬ ሳይ አራቱ ሽማግሌዎች፣ ኳሷ ፈጽሞ በማትደርስበት ቦታ፣ ራሳቸውን በእጃቸው ይዘው ቁጢጥ ብለዋል! ለካ አንተ ኳስ ወደ ሰው ሲሄድ ሁልጊዜ በአማርኛ "ራስህን!" እያልክ ስትጮህባቸው ኖረህ፣ ቃሉን እንደ ራሳቸው ለምደውታል።

ብሪያን ፊቱ አመድ መስሎ እየሮጠ መጣ። እማዬ ጉልበቷን እያራገፈች "ሳምቡሳው ደህና ነው" አለችው። ለእኔ ደግሞ በአማርኛ፣ "ይህን ድምፅ የት ደብቀሽው ነው፣ ቤት ውስጥ ስጠራሽ አቤት የማትዪኝ?" ብሪያን በሳምቡሳው ነገር ሳቀ፣ ከዚያ ዓይኑን ጠረገ። "ያን ቃል ስሰማ እሱ የመጣ መሰለኝ" አለ።

ስንመለስ ሽማግሌዎቹን ከኋላ እንቅልፍ ወሰዳቸው። ጂሎንግን ስናልፍ "እማዬ፣ አትሽጪው" አልኳት። ድምፄ ቀጭን ነበር፣ ግን ወጣ። እማዬ በመስታወቱ የተኙትን ሽማግሌዎች አየች።

"እኔ ልንዳ። ደንበኛ ሲደውል ማን ያነሳል?"

ስልክ ምን ያህል እንደምፈራ ታውቃለህ። "እኔ" አልኳት።

"እንግዲያው ለታርኔቱ ሰውዬ ደውለሽ አይሸጥም በይው።"

ቤት እንደገባን ደወልኩ። ሰውየው ተቆጥቶ "ለምን?" አለኝ። "ሥራ ላይ ነው" አልኩት። እማዬ ወጥ ቤት ሆና "ጎሽ" ስትል ሰማኋት።

አባዬ፣ ከፋሲካ በኋላ የምንወስዳቸው ሌሎች ሰዎች አሉን። ስልኩን ያነሳሁት እኔ ነኝ። የደወለችው ሴትዮ "ሚኒባሱ የማን ነው?" ብላ ጠየቀችኝ። "የአባቴ ነው" አልኳት፣ ስምህንም ጮክ ብዬ ነገርኳት። ወደፊትም ለሚጠይቀኝ ሁሉ እንዲሁ ነው የምለው። "ነበር" አልልም።

ልጅህ፣
ማኅሌት