ሰው የሌለበት ሳነቴ

ሐምሌ 18
ዝናብ። ሮቤ ጭቃ በጭቃ። ቢሮ ዋልኩ። ስለ ሳነቴ አምባ በእንግሊዝኛ የጻፍኩት የአስጎብኚ ድርጅታችን ድረ ገጽ ላይ ወጣ። «ባረን... ዴሶሌት... የሰው እግር ያልረገጠው...» እንግሊዝኛ ባዶ ቦታን ሲያወራ ያምርበታል። በአማርኛ ቢሉት ጠፍ መሬት ነው፤ ጠፍ መሬት ለማየት ማን ባሕር ይሻገራል? አለቃዬ ብሩህ «እጅህ ይባረክ» አለኝ። እዚያ ማን እንዳለ አልጠየቀም። እኔም አልነገርኩትም።

ሐምሌ 24
ጀርመኖች ይዤ ሳነቴ ወጣሁ። ምን ጠብቄ ነበር? ማሳው እህል ሲይዝ ከብቱ ወደ ላይ ይወጣል፤ ጎዳንቱ የምንለው ነው፤ ልጅ እያለሁ እኔም በየክረምቱ ወጥቻለሁ። የድረ ገጹን ፎቶዎች ያነሳሁት በጥር፣ ሜዳው ጭር ሲል። ዛሬ ግን ላም፣ ጭስ፣ የተሰጣ ልብስ... መንገዱ ዳር ደግሞ የአባቴ እህት የአዳዳ ሎሚ ጎጆ።

አንዱ ጀርመን «ሰው የለም ብላችሁ አልነበር?» አለኝ። «አላፊ ናቸው» አልኩት።

አዳዳ ፈገግ ብለው «ምን አለ?» አሉኝ በኦሮምኛ።

«አገሩ ያምራል ነው የሚለው።»

«ገለቶሚ በለው፤ አመስግንልኝ።»

አልኩት። ምን ዓይነት ሰው ነኝ?

ሐምሌ 25
ጀርመኖቹ ብሩህ ጋ አቤት ብለዋል። «ሹፌሩ ነገረኝ፤ አክስትህ አይደሉ? ለነሐሴ እንግዶች ከመንገዱ ዞር ይበሉ። አንተው ንገራቸው፤ ካልሆነ ሌላ አስጎብኚ አላጣም» አለኝ። «እሺ» አልኩ። እንዴት ቀለለኝ?

ነሐሴ 1
ነገርኳቸው። አዳዳ ቢቆጡኝ በወደድኩ።

«እንጀራህ ነው?»

«ነው።»

«ቶሌ፣ እሺ። እንነሳለን።»

ይኸው ነው። ወገባቸውን እያመማቸው የጎጆውን እንጨት መንቀል ጀመሩ። ላግዝ ስል «ተው፣ ልብስህ ይቆሽሻል» አሉኝ። ቁልቁል ስወርድ አለቀስኩ።

ነሐሴ 5
አባባ «እህቴ እንዴት ናት?» አሉኝ ራት ላይ። «ደህና ናቸው።» ራቱን ሳልጨርስ ተነሳሁ።

ነሐሴ 9
አዲሶቹ እንግዶች። ብሩህም አብሮን ወጣ። የመንገዱ ዳር ባዶ... ደስ ብሎታል። ጎጆው የነበረበት ስንደርስ የምድጃው ድንጋይ ላይ ወተት የሞላ ጮጮ፣ በንጹሕ ጨርቅ ተሸፍኖ። አጠገቡ ኩባያዎች። የአዳዳ ጎረቤት ሃጂራ ራቅ ብላ ቆማ ነበር።

«አክስትህ ናቸው» አለችኝ። «እንግዳ ከሩቅ መጥቶ፣ ቤት አጥቶ ባዶ ሆዱን እንዳይመለስ አሉ።»

አንዷ እንግዳ ኩባያ አንስታ «የማን ነው?» አለችኝ። ብሩህ አፈጠጠብኝ። «የአክስቴ» አልኩ በእንግሊዝኛ። «ቤታቸው እዚህ ነበር። ያስነሳኋቸው እኔ ነኝ።» ሴትዮዋ ኩባያውን ቀስ ብላ መለሰችው። ሌሎቹም አልነኩም።

ብሩህ ሮቤ እስክንደርስ እንኳ አልታገሠም። ጎባ ላይ አወረደኝ፤ ነገም እንዳትመጣ አለኝ።

ነሐሴ 10
አዳዳ ጋ ነኝ። ጎጆውን ወደ ቦታው እየመለስን ነው። ለዚያ ጀርመን ምን ብዬ እንደመለስኩለት፣ ለእሳቸውም ምን ብዬ እንደዋሸሁ ሁሉንም ነገርኳቸው። «አፉ ይበሉኝ» አልኩ። እንጨቱን አቀበሉኝ፤ ተከልኩ።

ቆይተው «ወተቱን ጠጡት?» አሉኝ።

«አልጠጡም፣ አዳዳ። አፈሩ።»

«እነሱን ምን አሳፈራቸው?» አሉ።