አሮጌው ዊንዶውስና የጋሼ ሰይድ ቃላት

ሸዋ ሮቢት፣ ሐሙስ ሚያዝያ 16 ቀን 2006 ዓ.ም.

ዛሬም ሳልወስን ዋልኩ። ኮምፒውተር የሚጠግንልኝ ብሩክ ከደብረ ሲና ወርዶ የጽሕፈት አገልግሎት ቤቴ መጣና፣ "ኤክስፒ የሚባለው ዊንዶውስሽ አበቃለት። ከእንግዲህ ከቫይረስ የሚከላከልለት ማሻሻያ አይላክለትም። በአዲሱ ዊንዶውስ ልቀይርልሽ" አለኝ። እውነቱን ነው። ባለፈው ከደንበኛ ፍላሽ የገባ ቫይረስ ፋይሎቼን ሁሉ ሲደብቅብኝ ፈልጎ ያወጣልኝ እሱ ነው።

የሽማግሌው የጋሼ ሰይድ ሥራስ? ከእናታቸው የሰሙትን የአርጎብኛ ቋንቋ ቃላት እየነገሩኝ የምጽፍላቸው በድሮው የፊደል መጻፊያ ፕሮግራም ነው፤ እሱ ደግሞ በአዲሱ ላይ አይሠራም። ብሩክ ፋይሉን አዲሱ ዊንዶውስ ባለበት በራሱ ላፕቶፕ ሲከፍተው ፊደሉ ሁሉ ነጥብና ሰረዝ ሆነ። ጋሼ ሰይድ አጠገቤ ተቀምጠው ነበር። ዓይናቸው ቢደክምም አዩት።

"ይሄ የኔ ነው?" አሉኝ።

"አዎ ጋሼ። እንደገና መጻፍ ሊኖርብን ነው።"

"ልጄ፣ ግማሹን እኮ አሁን እኔም አላስታውሰውም። አንቺ ጋ አለ ብዬ ተውኩት።"

 በወረቀት ላስቀረው ብል ማተሚያዬ ከፋሲካ በፊት ጀምሮ ተበላሽቷል፤ ከስክሪኑ እያየሁ በእጅ እንዳልገለብጠው ደግሞ ስንት መቶ ገጽ ነው። ብቀይር ቃላቸው ይጠፋል፤ ባልቀይር የሚቀጥለው ቫይረስ ይበላዋል። ብሩክን ሌላ ቀን ና ብዬ ሸኘሁት። ፊቱ አልተፈታም።

ጋሼ ሰይድ ግን አልተነሡም። "እስቲ አንብቢልኝ" አሉ። አሮጌውን ማሽን ከፍቼ በሙቀቱ ውስጥ ማንበብ ጀመርኩ። አንድ ቃል ላይ ስደርስ እጃቸውን አንሥተው አስቆሙኝ።

"እናቴ እንዲህ ብላ ነበር የምትጠራኝ" አሉና ቃሉን ደግሜ እንዳነብላቸው ለመኑኝ።