ዓሣው ያልገባበት ፎቶ

ውድ ግርማዬ፣

«እንደምን ሰነበትክ» ብዬ ልጀምር አልኩና እጄ ቆመ። ለአንተ እንዲህ ተብሎ ይጻፋል? እኔ ግን ደህና ነኝ፤ ሰው ሲጠይቀኝ ደህና ነኝ እንደምለው ያህል ደህና ነኝ። በሚቀጥለው ሳምንት ሙት ዓመትህ ነው። ዓመት ሙሉ ዝም ብላ ዛሬ ምን ነካት እንዳትል፤ ወሬ ይዤልህ ነው። ጓደኛህ አብዲ መቃብርህ ድረስ ሄዶ ራሱ ሊነግርህ ዝቷል። እሱ ከነገረህ ደግሞ ከራሱ መጨመሩ ስለማይቀር፣ ቀድሜው ልጻፍልህ ብዬ ተቀመጥኩ።

መጀመሪያ የቤቱን ልንገርህ። ከከዚራ ወጥቻለሁ። ቤቱ የባቡር ሠራተኛ ቤት ስለሆነ አንተ ስታርፍ ለሌላ ተሰጠ፤ እኔም ዕቃዬን በጋሪ አስጭኜ ሳቢያን እህቴ ዘንድ ገባሁ። በራችን ላይ ያለው ዛፍ ዘንድሮም ቀይ አበባውን አውጥቷል አሉ። እኔ አላየሁትም፤ በዚያ መንገድ ማለፍ ትቻለሁ። የመንጠቆ ገመድህን የምታደርቅበት የበረንዳ ሚስማር ላይ አሁን የሕፃን ልብስ እንደሚሰጣበት የድሮዋ ጎረቤታችን ነገረችኝ። ስሰማ ከፋኝ፤ ቆይቶ ግን ደስ አለኝ። ያንን ሚስማር ስትመታ አውራ ጣትህን መትተህ ስንት ቀን እንደተነጫነጭክብኝ ታስታውሳለህ? ቢያንስ ለሰው ጠቀመ።

ብሩክ ያው በብሔራዊ ውትድርና ሰሜን ነው። ስትታመም ሊደርስልህ አልቻለም፤ ስትቀበርም አልነበረም። መርዶው ራሱ የደረሰው አንተ ከተቀበርክ ከስንት ጊዜ በኋላ ነው። ከዚያ ወዲህ በጻፈልኝ የመጀመሪያ ደብዳቤ የለመነኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ገንዘብም ሹራብም አላለኝም። «እማዬ፣ የአባዬን ፎቶ ላኪልኝ። ፊቱ ሊጠፋብኝ ነው» አለኝ። ልጅህ የሚበዛ ቃል እንደማይወድ ታውቃለህ። ደብዳቤውን አንብቤ ወዲያው የፎቶ ካርቶንህን ከአልጋ ሥር ሳብኩ። ፎቶ ከሚወድ ሰው ቤት ፎቶ ይጠፋል ብዬ በፍጹም አላሰብኩም።

ካርቶኑ ሙሉ ዓሣ ነው፣ ግርማ። ዓሣ ብቻ።

የእናንተን ነገር አሁን ሳስበው ሳቅም ንዴትም ይመጣብኛል። ቅዳሜ ከቀትር በኋላ አንተ በሠራተኛ ቲኬትህ፣ አብዲ የመጋላ ሱቁን ለወንድሙ ጥሎ፣ መምህር ታደለ የተማሪዎቹን ፈተና ሳያርም፣ ሦስታችሁም ሸንበቋችሁን ይዛችሁ አዋሽ ትወርዳላችሁ። እሁድ ፀሐይ አክስሏችሁ፣ ጭቃ ለብሳችሁ፣ ባዶ እጃችሁን ትመለሳላችሁ። ዓሣ በዚያ ሙቀት፣ በዚያ በሚጎተት ባቡር ድሬዳዋ እስኪደርስ ስለሚበላሽ፣ ወይ እዚያው ጠብሳችሁ ትበሉታላችሁ ወይ ለድልድይ ጠባቂዎቹ ትሰጣላችሁ። ታዲያ ለመያዛችሁ ምን ማስረጃ አላችሁ? ፎቶ። አንተን ካሜራ ያስያዘህ ይኸው ነው። ግሪካዊው አለቃህ ጓዙን ጠቅልሎ አገሩ ሲገባ የተወልህን ያንን ካሜራ ከእኔ ይልቅ በጨርቅ እየጠቀለልክ ስታስተኛው ኖርክ። ፊልሙን አብዲ ከጅቡቲ በሚመጣ ዕቃ መሃል ደብቆ ያስመጣላችሁ ነበር። ስኳር በራሽን በሚታደልበት ዘመን እናንተ ፊልም አላጣችሁም።

ፎቶው ከዚራ ታጥቦ ሲወጣ አብዲ ባንኮኒ ላይ ይዘረጋና ፍርድ ይጀመራል። የማን ዓሣ በለጠ? ማን አጭበረበረ? ዓሣውን ወደ ካሜራው ዘርግቶ የሚነሣ ሰው ዓሣው ከራሱ ገዝፎ ስለሚታይ፣ ክንዱ የተዘረጋ ሆኖ ከተገኘ ፎቶው ውሸት ነው ተብሎ ይፈረድበታል። አንተ ደግሞ ብልጥ ነኝ ብለህ ክንድህን ዓሣው ኋላ መደበቅ ጀመርክ። ክንድህ ሲደበቅ ፊትህም አብሮ ተደበቀ። ከላይ ባርኔጣ፣ ከታች ሱሪ፣ መሃል ላይ ጥጃ የሚያክል ዓሣ። ካርቶኑን ሙሉ ገለበጥኩ፤ ሁሉም እንዲሁ ነው።

ውሸት የተባሉትን ፎቶዎች የምታስገቡበት የብስኩት ቆርቆሮ ነበራችሁ፤ ስሙንም ከርቸሌ ብላችሁት ነበር። አብዲ አንድ ቀን ድምፁን ከፍ አድርጎ «ዛሬ ሁለቱን ከርቸሌ ከተናል» ሲል ስኳር ሊገዛ የገባው የቀበሌ አብዮት ጠባቂ «እነማንን?» ብሎ ደርቆ የቀረበትን ቀን ነግረኸኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ ቆርቆሮው ስሙ ቆርቆሮ ብቻ ሆነ። ያኔ ስትነግረኝ ሆዴን ይዤ ነው የሳቅኩት፤ በሩን ከዘጋሁ በኋላ ቢሆንም።

ለብሩክ ምን ልላክለት? የሠርጋችን ፎቶ አለ፤ ግን እዚያ ላይ ያለኸው ጢም እንኳ በቅጡ ያልወጣልህ ልጅ ነህ። ብሩክ ቢያየው ታናሽ ወንድሙ እንጂ አባቱ አይመስለውም። የሥራ መታወቂያህ ላይ ያለው ደግሞ ሰው የገደለ ሰው ነው። አትሳቅ ስላሉህ መተንፈስም ትተሃል። እኔ የምፈልገው ቤት ስትገባ የነበረውን ፊትህን ነበር። ለሐውልትህም የሚሆን ፊት አጣሁ። ቸግሮኝ ከዓሣዎቹ አንዱን ላክሁለት። «ጓደኞቼ ዓሣውን አደነቁ፤ እኔ እጁን አወቅሁት» ብሎ መለሰልኝ። አልቀየመኝም። እኔ ግን ልጄን ከአባቱ የደረሰው ጣት ብቻ ነው ብዬ ስንት ቀን እንቅልፍ አጣሁ።

አንድ ፎቶ እንደነበረ አውቃለሁ። አንተ ቀድጄ ጣልኩት ያልከኝን።

እኔ ከእናንተ ጋር አዋሽ የወረድኩት በዕድሜዬ አንዴ ነው። ፋሲካ በዋለ በሳምንቱ፣ ብሩክን ለእህቴ ትቼ፣ እስቲ ይህ ሰው ከምን ጋር ነው የወሸመብኝ ብዬ ተከተልኩህ። አብዲና መምህር ታደለ ዳቦ ሊገዙ ወደ ጣቢያው እንደወጡ ሸንበቆህ እንደ ቀስት ተለመጠ። ስትጎትት፣ ስትለቅ፣ ውኃው ውስጥ እስከ ወገብህ ገብተህ ስትጮህ፣ እኔ ደግሞ ዳር ላይ ሆኜ ማርያምን ስጠራ፣ በመጨረሻ አምባዛው ወጣ። እንደዚያ ያለ ዓሣ አይቼ አላውቅም። ጢሙ ብቻ የሰው ጣት ያክላል። እንደ ልማድህ ወደ ፊት ልዘርጋው ብትል ከበደህ፤ ስለዚህ በቀኝ እጅህ ጉንጩን ይዘህ ከጎንህ አንጠለጠልከው። ካሜራውን በግራ እጅህ አንስተህ፣ ነክቼው በማላውቀው በእኔ አንገት ላይ አጠለቅከው።

«ቅረቢ» አልከኝ። ሁሉም ይታየኛል አልኩህ። «ቅረቢ እንጂ! ፎቶውን ይሙላው!» ብለህ ጮህክ። ቀረብኩ። ማርያምን ነው የምልህ፣ በቀዳዳው ሳይ አንተም ዓሣውም ሙሉ ነበራችሁ። ተጫንኩት። ተጭኜ እጄን ሳላነሳ ዓሣው ጅራቱን አወራጭቶ በጥፊ መታህና ውኃው ውስጥ ተመልሶ ገባ። አንተም ከነጫማህ ተከትለኸው ገባህ። እነ አብዲ ዳቦ ይዘው ሲመጡ ያገኙት እየተንጠባጠብክ የምትሳደበውን አንተን ነበር። ዓሣውን ያየሁት እኔ ብቻ፤ የእናንተ ሕግ ደግሞ የሚስት ምስክርነት አይቀበልም። «ግድ የለም፣ ፎቶው አለ» እያልክ ሳምንቱን ሙሉ ተኩራራህ።

ፎቶው ታጥቦ ሲመጣ አንተ ነበርክ፣ ዓሣው አልነበረም። መምህር ታደለ «ግርማ፣ ዓሣው ፈቃድ ወጥቷል እንዴ?» ማለቱን አብዲ እስከ ዛሬ ያወራዋል። ቤት መጥተህ ራትህን ሳትነካ «የዕድሜዬን ዓሣ አንቺ ቀረጠፍሽው» አልከኝ። ከዚያ ወዲያ እንግዳ በመጣ ቁጥር ይህችው ክስ ስትቀርብብኝ ኖረች። ፎቶውስ ስልህ፣ ቀድጄ ጣልኩት አልክ። አመንኩህ።

ባለፈው ሳምንት ሳቢያን ያለውን በር ማን ቢያንኳኳ ጥሩ ነው? አብዲ፤ በዚያ ፀሐይ ቆርቆሮውን አቅፎ ላቡ ይንጠፈጠፋል። የፎቶ ፍለጋዬን ከመምህር ታደለ ሰምቷል። ተቆጣኝ፦ «አቦ አልማዝ፣ ለእኔ አትነግሪኝም እንዴ! ወላሂ እኛ እኮ ምንም አንጥልም።» ከዚያ በሩን ዘወር ብሎ አየና ድምፁን ዝቅ አድርጎ «የእኛ ከርቸሌ ከሌላው ይሻላል፤ የገባ ሁሉ በደህና ይወጣል» አለኝ። ቆርቆሮውን አልጋው ላይ ገለበጠው። ከዚያ ሁሉ ዓሣ መሃል አንተን አገኘሁህ።

ግርማዬ፣ ሙሉ ፊትህ ነው። ትንሽ ደብዘዝ ብሏል፤ ግን አንተ ነህ። ባርኔጣህ ወደ ኋላ ሸሽቷል፣ ግንባርህ ረጥቧል፣ ያቺ የተሸረፈችው ጥርስህ ሳይቀር ትታየኛለች። ስትስቅ ቀኝ ዓይንህ ከግራው ቀድሞ የሚጨፈነው እንኳ አለ፤ ያንን ረስቼው ነበር። ዓመት ሳይሞላ ረስቼዋለሁ። አብዲ ፊት ላለማልቀስ ሞከርኩ፤ አልሆነልኝም። እሱም መነጽሩን አወለቀና መስታወቱን በሽርጡ ሲጠርግ ቆየ።

መነጽሩን መልሶ ሲያደርግ ፎቶውን ከእጄ ወሰደና አንገትህን አየ። ቀኝ ክንድህ ወደ ጎን ተዘርግቶ ከፎቶው ይወጣል፤ ጫፉ አይታይም። የአንገትህ ጅማት ግን ገመድ ሆኗል፤ ትከሻህ ወደዚያው ዘምሟል። ደጋግሞ አየ። «አቦ፣ ይሄን ጊዜ ሁሉ ፊቱን እያየን ስንስቅ አንገቱን አላየንም። እንዲህ የሚከብድ ትንሽ ዓሣ የለም» አለ። ማታውኑ ለመምህር ታደለ አሳይቶት እሱም ፍርዱን አንስቷል። ፎቶው ከውሸቶቹ ወጥቷል፤ እንኳን ደስ ያለህ።

አሁን ወደ ክሴ ልምጣ። ያ ካሜራ የሚያዩበት ቀዳዳ ጥግ ላይ፣ ፎቶ የሚያነሣው መስታወት መሃል ላይ ስለሆነ፣ በጣም ሲቀርቡ አንዱ ያየውን ሌላው አያየውም አለኝ አብዲ። ዓሣውን የቆረጠው መቅረቤ ነው፤ ያቀረበኝ ደግሞ ዓሣው ገዝፎ እንዲታይልህ የፈለግከው አንተ ነህ። ይህንንም የፎቶ ቤቱ ሰውዬ ያን ጊዜውኑ ነግሮህ ነበር አሉ! እያወቅክ ስንት ዓመት እኔን ስትከስ! እዚያ ባለህበት ጆሮህ ይቅላ። አብዲ ግን ሌላም ነገረኝ። ሱቁ በመጣህ ቁጥር ያቺን ፎቶ ከቆርቆሮው ታወጣትና ስታያት ቆይተህ ትመልሳት ነበር፤ እንዳይጥላትም አስምለኸዋል። ለምን እንደሆነ አንድም ቀን አልነገርከውም። እኔ የመሰለኝን ይዣለሁ። እዚያ ላይ የሳቅከው ለዓሣው አይደለም፤ ካሜራውን ይዤ ስንቀጠቀጥ እያየኸኝ ነው። ስለዚህ አልቀየምኩህም።

ከዚራ ወስጄ በፎቶው ላይ ፎቶ አስነሣሁበት። ትልቁ ለሐውልትህ፣ አንዱ ለግድግዳዬ፣ ትንሹ ለብሩክ። የብሩክን በላስቲክ ጠቅልዬ፣ ደረት ኪሱ የሚገባ አድርጌ ትናንት ላክሁለት። ጀርባው ላይ «አባትህ ነው። በቀኝ እጁ ትልቅ ዓሣ ይዟል» ብዬ ጻፍኩበት። አየህ፣ በጽሑፍ መሰከርኩልህ።

ለሙት ዓመትህ አብዲም መምህር ታደለም ይመጣሉ። እኔም አፌን አልዘጋም። ራሱ ትከሻህ ላይ፣ ጅራቱ ጉልበትህ ላይ ነበር፤ አይቼዋለሁ፤ በሕይወት ካለነው ያየሁት እኔ ብቻ ነኝ፤ እስክንገናኝም አልረሳውም። ብሩክ ብቻ በደህና ይመለስልኝ። በሩ ላይ ቆሞ «እማዬ፣ ዓሣው ምን ያህል ነበር?» ሲለኝ ሁለት እጄን ዘርግቼ አሳየዋለሁ። አንድ ጣት አልጨምርም።

ኧረ፣ ለአንተ ስል ትንሽ እጨምራለሁ።

ያንተው አልማዝ